አሮጌ የእጅ ሥራ የፑል ዱላ፦ ከስሙ በፊት እንጨቱን የመፈተሽ ዝርዝር መመሪያ

በባሕር ዳር ፑል ቤቶች ግድግዳ ተደግፈው የሚያድሩት ዱላዎች በአብዛኛው ከፋብሪካ በጅምላ የወጡ ናቸው። አልፎ አልፎ ግን ከውጭ የተመለሰ ሰው ለወንድሙ ያመጣው፣ ወይም ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ የሄደ የውጭ ዜጋ የተወው፣ ለሁለት የሚፈታና እጀታው በክር የተጠቀለለ አሮጌ ዱላ ብቅ ይላል። ሰው ይሰበሰባል፤ ዱላው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መጀመሪያ የሚጠየቀውም ሁልጊዜ «የማን ሥራ ነው?» የሚለው ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። በቅድሚያ እንጨቱን፣ ቀጥሎ መገጣጠሚያውን፣ ከዚያ ኳስ ላይ የሚያሳየውን ጠባይ ይፈትሹ፤ ስሙን መጨረሻ ላይ ይጠይቁ። የሠሪው ስም ዋጋ ይጨምራል፤ ነጯን ኳስ የሚመታው ግን እንጨት፣ ጫፉ ላይ የተለጠፈ ቆዳና ኮላ ነው። ስሙን አስቀድሞ የሰማ ሰው ደግሞ እጁ የሚነግረውን ማመን ያቆማል። ስመ ጥር ነው የተባለ ዱላ ሲይዙ ዓይናቸው የሚበራ ጥሩ ተጫዋቾችን አይቻለሁ፤ መገጣጠሚያው ላይ የሚሰማውን ስንጥቅ ግን አልሰሙትም።

አንድ፦ ዝናው ከየት እንደመጣ ይወቁ

ስሙን መጨረሻ እናድርገው ብልም ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምን እንደሚፈልጉ የሚነግርዎ እሱ ነውና። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የቢሊያርድ ዕቃ ንግድ ላይ ለረጅም ዘመን የበላይ ሆኖ የቆየው በ1845 የተመሠረተው ብሩንስዊክ ነው። ይህ ድርጅት ለመጫወቻ አዳራሾች ያቀርባቸው ከነበሩት አንድ ወጥ ዱላዎች መካከል ታይትሊስት የሚባለው ይገኝበት ነበር። የታይትሊስት የፊት እንጨትና የእጀታው ጥቁር እንጨት ረጃጅም ሹሎች ተበጅተውላቸው እርስ በርስ ገብተው በኮላ የተያያዙ ናቸው። የኮላው ገጽ ሰፊ ስለሆነ ማያያዣው በቀላሉ አይላቀቅም። ስለዚህ የእጅ ባለሙያዎች ታይትሊስት ገዝተው መሐል ላይ ይቆርጡና መገጣጠሚያ ያስገቡለት ነበር፤ አዲስ የፊት ዘንግ፣ ማለትም ከመገጣጠሚያው እስከ ጫፉ ያለውን ቀጭን ክፍል፣ ያወጡለትና በየተጫዋቹ ልክ ያስተካክሉት ነበር። በቺካጎ ይሠራ የነበረው ኸርማን ራምቦው ከእነዚህ ባለሙያዎች ቀዳሚው ነው።

ከሁሉም በላይ ስሙ የገነነው ግን ጆርጅ ባላቡሽካ ነው። በ1912 ሩሲያ ውስጥ ተወለደ፤ በ1924 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኒው ዮርክ በእንጨት ሥራ ሲተዳደር ቆይቶ በ1959 ዱላ መሥራት ጀመረ። በ1975 ሲሞት ከእጁ የወጡት ዱላዎች ከሺህ ብዙም እንደማይበልጡ ይገመታል። የእሱን ሥራ ሲመረምሩ የሚያገኙት ነገር ስለ ዝና ብዙ ያስተምራል። መጀመሪያ የተጠቀመው የታይትሊስት እጀታ ነበር። ኋላ ሹሎቹ የተበጁለትን ጥሬ እጀታ ከቺካጎው በርተን ስፔይን፣ ከዚያም ከጋስ ዛምቦቲ ይገዛ ነበር። ዛምቦቲ ራሱ በ1988 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ በስሙ የሚፈለጉ ዱላዎችን ሠርቷል። እንግዲህ «የባላቡሽካ ዱላ» ሲባል የአንድ እጅ ሥራ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሹሉን ያበጃል፣ ሌላው ያዋሕዳል፣ ይመዝናል፣ ይጨርሳል። በ1968 ዳን ጄንስና ቢል ስትራውድ ጆስ የተባለውን ዱላ ሠሪ ድርጅት መሠረቱ። በምዕራብ አሜሪካ ደግሞ ታድ ኮሃራና የጂና ዱላ ሠሪው ኧርኒ ጉቴሬዝ የራሳቸውን መንገድ ይዘው ወጡ።

እነዚህን ሰዎች ከፋብሪካው የለያቸው በዋናነት ትዕግሥት ነው። የፊት ዘንግ የሚወጣበት ሜፕል የተባለው የውጭ እንጨት በቶርኖ ላይ ሲቀጠን በውስጡ የታመቀው ውጥረት ይለቀቃል፤ ይጎብጣልም። ጥሩ ሠሪ ትንሽ ይቀንስና ለሳምንታት አንጠልጥሎ ይተወዋል፤ ከጎበጠ ይጥለዋል፤ ካልጎበጠ እንደገና ትንሽ ይቀንሳል። አንድ የፊት ዘንግ ወደ መጨረሻው ውፍረት ለመድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። በቀን ብዙ መቶ ዱላ የሚያወጣ ማሽን ይህን አይጠብቅም። እንጨቱ አርባና ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ዛሬም ቀጥ ብሎ ከተገኘ የሚቀረው ውጥረት ጥቂት ነው ማለት ነው። አሮጌ ዱላ የሚከበርበት ዋናው፣ ለእኔም አሳማኙ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለት፦ ፈትተው ይመልከቱ

ዱላውን ገጥመው ጠረጴዛ ላይ አያንከባልሉት፤ መጀመሪያ ይፍቱት። የፊት ዘንጉን ብቻውን፣ እጀታውንም ብቻውን በጠረጴዛው የድንጋይ ንጣፍ ላይ በቀስታ ያንከባልሉ። ዓይንዎን ወደ ጨርቁ ዝቅ አድርገው በእንጨቱና በጨርቁ መካከል የሚታየውን ብርሃን ይከታተሉ። ዘንጉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ብርሃን መታየቱ ብቻውን ችግር አይደለም። የሚያሰጋው ብርሃኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ማየት ነው፤ ያኔ ጉብጠት አለ። ሁለቱ ለየብቻ ቀጥ ብለው ሲገጠሙ ግን ከተወዛወዙ ጥፋቱ የመገጣጠሚያው ነው።

የጎበጠው የፊት ዘንጉ ከሆነና ጉብጠቱ ትንሽ ከሆነ ዱላው አሁንም ሊጫወትበት ይችላል፤ ዘንግ ይተካል። የጎበጠው እጀታው ከሆነ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አይግዙት። በእንፋሎት ወይም በእሳት አቀናዋለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አመስግነው ይለፉት። የሞቀ እንጨት ለጊዜው ይታዘዛል፤ ክረምት ሲገባ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ በዚህ መሐል ኮላው ይላላል።

ቀጥሎ የእንጨቱን መስመሮች ይዩ። የጥሩ የፊት ዘንግ መስመሮች ከጫፍ እስከ መገጣጠሚያ ሳይቋረጡ ይሄዳሉ። መሐል ላይ ወደ ጎን ወጥተው የሚጠፉ ከሆነ እንጨቱ ሲሰነጠቅ አቅጣጫው አልተጠበቀም፤ ሊጎብጥና ሊሰበር የሚችለውም በዚያ በኩል ነው። የዕድሜ ቢጫነትና የጠመኔ ሰማያዊ እድፍ አያስጨንቅዎ። ጥፍርዎን በዘንጉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲጎትቱ የሚያነቅፍ ጎድጓዳ ካለ ግን ቦታውን ያስታውሱ፤ በምት ጊዜ በጣትዎ መሐል የሚያልፍ ከሆነ ያስቸግራል።

ክብደቱንና ሚዛኑን ለመለካት የሱቅ ዲጂታል ሚዛንና አንድ ጣት ይበቃሉ። የተለመደው የፑል ዱላ 147 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ከ510 እስከ 600 ግራም ክብደት አለው። በጣትዎ ላይ አጋድመው ሲያስቀምጡት ከእጀታው መጨረሻ ከ45 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ካልተዘነበለ ሚዛኑ ደኅና ነው። ከዚህ በጣም ከራቀ በእጀታው ውስጥ ለክብደት የሚገባው ብሎን ተለውጧል ወይም የፊት ዘንጉ የዚያ እጀታ አይደለም። የኋለኛው በአሮጌ ዱላዎች ላይ እጅግ የተለመደ ነው።

ሦስት፦ መገጣጠሚያውን ያዳምጡ

የመገጣጠሚያውን ብሎን በጥርስ ብሩሽ አጽድተው ዱላውን ቀስ ብለው ይግጠሙ። መጨረሻው ላይ ሁለቱ ፊቶች በአንድ ጊዜ መነካካት አለባቸው። ቀጭን ወረቀት በአንድ በኩል የሚገባ ከሆነ ፊቱ ጠፍጣፋነቱን አጥቷል። ከዚያ የተገጠመውን ዱላ መሐሉ ላይ በሁለት ጣት አንጠልጥለው በጡጫዎ አንጓ መገጣጠሚያው አጠገብ መታ ያድርጉት። ጤነኛ ዱላ አንድ አጭር ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ ድምፅ ኋላ የሚከተል የሚንዘረዘር ነገር ከሰሙ የክብደት ብሎኑ ላልቷል፣ ወይም በእጀታው ውስጥ ኮላ ለቋል። ብሎኑ ከሆነ የእጀታውን ጎማ አውጥቶ ማጥበቅ ይቻላል። ኮላው ከሆነ ግን ዱላው ሥራ አለበት።

የድሮ ዱላዎች ብዙዎቹ የማይዝግ ብረት መገጣጠሚያ አላቸው፤ ከፊሎቹ የዝሆን ጥርስ፣ ሌሎቹ እንጨት ለእንጨት ናቸው። የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ፑል ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ማደር ይቻላል። የእኔ አቋም አጭር ነው፤ ፊቱ በትክክል የተጋጠመ ማንኛውም መገጣጠሚያ ጥሩ ነው፤ ያልተጋጠመ ማንኛውም መጥፎ ነው።

አራት፦ ጫፉ፣ ነጩ ቀለበትና የዝሆን ጥርስ ጉዳይ

ከቆዳው ሥር ያለው ነጭ ቀለበት በአዲሶቹ ላይ ፕላስቲክ ነው፤ በአሮጌዎቹ ውድ ዱላዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የዝሆን ጥርስ ሆኖ ይገኛል። በብርሃን አዙረው ስንጥቅ ይፈልጉ። የዝሆን ጥርስ አየሩ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የባሕር ዳር በጋ ደግሞ ለዚህ አይራራም። ቆዳው በሚለወጥበት ጊዜ የቀለበቱን አናት በማጉያ መነጽር ከተመለከቱ እውነተኛ የዝሆን ጥርስ የተጠላለፉ ቅስት መስመሮችን ያሳያል። የጋለ መርፌ ወግቶ ማሽተት የሚባለውን ፈተና ማንም እንዲሞክር አይፍቀዱ፤ ጠባሳ ይተዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የአፍሪካ ዝሆን በ1989 ከፍተኛው ዓለም አቀፍ የንግድ ክልከላ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ከ1990 ጀምሮም የዝሆን ጥርስ ከአገር አገር መሸጥ ተከልክሏል። ኢትዮጵያ ይህን ክልከላ ያወጣው ሳይትስ (CITES) የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ናት። የዝሆን ጥርስ ያለበትን ዱላ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር፣ ዱላው ምንም ያህል ቢያረጅ፣ ሊያስወርስና ሊያስከስስ ይችላል። ባቢሌ ላይ የቀሩት ዝሆኖቻችን ስንት መከራ እንዳለባቸው የሚያውቅ ሰው አዲስ የዝሆን ጥርስ ቀለበት ፍለጋ አይወጣም። የተሰነጠቀውን በፕላስቲክ ይተኩ። ከዚህ ቀጥሎ እንደሚታየው ለአጨዋወትም የሚሻለው እሱ ነው።

አምስት፦ ኳስ ላይ ይፈትኑት

ዋናው ምዕራፍ ይህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ከራስዎ የተለመደ ዱላ ጋር፣ በዚያው ምሽት፣ በዚያው ጠረጴዛና በዚያችው ነጭ ኳስ ያወዳድሩ። በክረምት የጣና እርጥበት ጨርቁን ያከብደዋል፤ ኳስ ይዘገያል። በመጋቢት ያየኸውን ከነሐሴው ጋር ማወዳደር ዱላን ሳይሆን አየርን ማወዳደር ነው። ነጯ ኳስ ከሌሎቹ ጋር እኩል መሆኗንም ያረጋግጡ። ደንበኛ የፑል ኳስ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋትና ቢበዛ 170 ግራም ክብደት አለው። በየመጠጥ ቤቱ ነጯ ተሰብራ በሌላ ልክ የተተካችበት ጠረጴዛ ብዙ ነው፤ እዚያ ላይ የሚደረግ ፈተና ዋጋ የለውም።

አንደኛው ፈተና ማቆም ነው። አንድ ኳስ ከነጯ አንድ ሜትር ያህል ፊት ለፊት አስቀምጠው ነጯን ከመሐሏ ትንሽ ዝቅ አድርገው ይምቱና ባለችበት እንድትቆም ያድርጉ። በመቀጠል ወደ ኋላ እንድትመለስ፣ ከዚያም እንድትከተል ይምቱ። ዱላው ለእጅዎ የሚሰጠውን መልስ ያዳምጡ። የድሮ ዱላ ወዳጆች ስለ «ምቱ» ሲያወሩ የሚሉት ይህን ነው፤ ደረቅና ጥርት ያለ፣ ወይም ለስለስ ያለ ስሜት።

ይህ ስሜት ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ተገቢ ነው። ቆዳው ከኳሷ ጋር የሚቆየው የሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ንዝረቱ መዳፍዎ ደርሶ እርስዎ ሲያውቁት ነጯ ሄዳለች። ስለዚህ የእጀታው እንጨት፣ ሹሎቹና የክሩ ጥቅልል ኳሷን በተለየ አቅጣጫ አይልኳትም። የሚሰጡዎት መረጃ ነው፤ መሐሏን መታሁ ወይስ ሳትሁ የሚለውን ወዲያው ይነግሩዎታል። ጥሩ አሮጌ ዱላ ይህን መልስ ሳያደናግር ይሰጣል፤ ተጫዋቹም ምቱን እያረመ ይሄዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ተራ ስሜት ነው ብዬ ላቃልለው አልፈልግም። ነገር ግን አሮጌ እንጨት ኳስን በኃይል ይወረውራል የሚባለው ተረት ነው።

ሁለተኛው ፈተና ማፈንገጥን መለካት ነው፤ አሮጌ ዱላ ከአዲሱ በግልጽ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ነጯን በስተ ቀኝ ጎኗ ሲመቷት ዱላው ከጠቆመበት ትንሽ ወደ ግራ ታፈነግጣለች፤ በግራ ሲመቷት ወደ ቀኝ። ምን ያህል እንደምታፈነግጥ የሚወስነው የዱላው የመጀመሪያ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ክብደት ነው። በዚያች አጭር ቅጽበት ከኳሷ ጋር ወደ ጎን የሚገፋው ያ ክፍል ብቻ ነውና። ጫፉ ከከበደ ኳሷ ብዙ ትርቃለች፤ ከቀለለ ዘንጉ ራሱ ገለል ይልላታል። ከባድ የዝሆን ጥርስ ቀለበት የተገጠመለት 13 ሚሊ ሜትር ድፍን ሜፕል ዘንግ ስለዚህ የበለጠ ያፈነግጣል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመጡት ጫፋቸው የቀለለ ዘንጎችና ኋላ የተከተሏቸው የካርቦን ዘንጎች የተሠሩት ይህን ለመቀነስ ነው።

ለመለካት እንዲህ ያድርጉ። ነጯንና አንድ ሌላ ኳስ በጠረጴዛው ቁመት መሐል መስመር ላይ፣ አንድ ሜትር ያህል አራርቀው ያስቀምጡ። የፊት እጅዎን ከነጯ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አሳርፈው መሐል ለመሐል ያነጣጥሩ። አሁን የፊት እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ የኋላ እጅዎን ብቻ ወደ ግራ ገፋ ያድርጉ፤ የዱላው ጫፍ ወደ ነጯ ቀኝ ጎን ይዞራል። ዱላውን በተቻለ መጠን አጋድመው፣ በመጠነኛ ጉልበት በቀጥታ ይምቱ። ነጯ ሌላውን ኳስ መሐሉን ካገኘችው በቦታዋ ቆማ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች። ወደ ቀኝ ከሳተች የፊት እጅዎ በጣም ቀርቧል፤ ያርቁት። ወደ ግራ ከሳተች ደግሞ ርቋል፤ ያቅርቡት። ትክክል የሆነበትን ርቀት በሜትር ለክተው ይጻፉ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከወጣ ዱላው የድሮ ጠባይ አለው፤ ከ35 ካለፈ ማፈንገጡ ትንሽ ነው።

ቀስ ብለው አይምቱ፤ በቀስታ የተመታች ኳስ መንገድ ላይ ትጠማዘዝና ልኬቱን ታበላሻለች። አንድ ጊዜ ብቻ መትተውም አይፍረዱ። ውጤቱ ራሱን እስኪደግም ይቀጥሉ፤ በግራ ጎንም ይሞክሩት።

ብዙ ያፈነገጠ ዱላ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ታዋቂው አሜሪካዊ ተጫዋች ዊሊ ሞስኮኒ በ1954 በስፕሪንግፊልድ ኦሃዮ 526 ኳስ ሳይስት በተከታታይ ያስገባው እነዚህ ማፈንገጥ የሚቀንሱ ዘንጎች ከመፈጠራቸው አሥርተ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በተራ ሜፕል ነው። ነጯን በአብዛኛው ከመሐል መስመሯ ሳይርቁ የሚጫወቱ ከሆነ ልዩነቱን እምብዛም አያዩትም። በጎን ምት የሚታመኑና በአዲስ ዘንግ የለመዱ ከሆነ ግን አሮጌው ዱላ ለወራት ያስቸግርዎታል። ዋናው ነገር ያን ርቀት ማወቅና አለመለዋወጡ ነው። ዛሬ 24፣ ነገ 29 የሚያሳይ ዱላ ካጋጠመዎ ቆዳው ለቋል ወይም ቀለበቱ ተሰንጥቋል።

ስድስት፦ አሁን ስሙን ይጠይቁ

እስከዚህ ካለፈ ዱላው ለመጫወት ይገዛል፤ ለመጫወቻ የሚገባውን ዋጋ ብቻ ይክፈሉ። ለስሙ ተጨማሪ ክፈሉ ከተባሉ ማስረጃ ይጠይቁ። የታወቁ ሠሪዎችን ሥራ አስመስሎ መሥራት የቆየ ንግድ ነው። የባላቡሽካ ስም ደግሞ ከሞቱ በኋላ በፈቃድ በወጡ የፋብሪካ ዱላዎች ላይ ይገኛል፤ እነሱ ሐሰተኛ ባይሆኑም እሱ በእጁ የሠራቸው አይደሉም። በዓይን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው እዚህ ከተማ አላውቅም። የሹሎቹን፣ የመገጣጠሚያውንና የእጀታውን መጨረሻ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ አንሥተው አሜሪካ ላሉ የዘርፉ ባለሙያዎች ያሳዩ። እስከዚያ ድረስ አያጽዱት፣ አይፋቁት፣ ቫርኒሽ አይቀቡት። የመጀመሪያው ቀለም የተነሣለት ዱላ ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል።

ሰባት፦ በጣና ዳር ማቆየት

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝናቧ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከዚያ ረጅም ደረቅ ወራት ይከተላሉ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በርዝመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ የሚያብጠው በስፋቱ ነው። አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ከጠጣ ይጎብጣል። ዱላን በክረምት እርጥብ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማሳደር የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድ ጎኑ ግድግዳውን፣ ሌላው ክፍሉን ይተነፍሳል፤ የራሱ ክብደትም መሐሉን ይጫነዋል።

ስለዚህ ፈትተው፣ አጋድመው ወይም ቀጥ አድርገው አንጠልጥለው ያስቀምጡ። ቦታው ከውጭ ግድግዳና ወደ ሐይቁ ከሚከፈት መስኮት የራቀ ቁም ሣጥን ይሁን። ማቀፊያ ቦርሳ ከሌለዎ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ገዝተው ውስጡን በጨርቅ አልብሰው ሁለቱን ጫፍ መክደን ይቻላል። ከአዲስ ጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ይጨምሩበት። በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሻገሩ ይዘውት አይሂዱ፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት። እንጨት ውኃ የሚጠጣው ከሁሉ በላይ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ስለሆነ የመገጣጠሚያው ፊት ላይ ያለውን ባዶ እንጨት በክረምት መግቢያ ቀጭን የንብ ሰም ይቀቡትና በጨርቅ ይወልውሉት።

ዘንጉን ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ፍጥነት ባለው እጅ ይሹት፤ ሙቀቱ እድፉን ያነሣል። የጸናውን እድፍ በትንሽ አልኮል በራሰ ጨርቅ ጠርገው ወዲያው ያድርቁ። ብርጭቆ ወረቀት የሚባለውን ነገር ከአሮጌ ዘንግ ያርቁ። እያንዳንዱ ፍቀት ውፍረቱን ይቀንሳል፤ 13 የነበረው ዘንግ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሠሪው ቅርጽ ጠፍቷል፤ መመለሻም የለውም።

የፊት ዘንጉ ሞቶ ሌላ ማሠራት ከፈለጉ በአገር እንጨት ይሠራልኝ ማለትዎ አይቀርም። ዋንዛ ለበርና ለቤት ዕቃ ግሩም ነው፤ ለዘንግ ግን ለስላሳ ነው፣ በጥቂት ጊዜ ይጎደጉዳል። ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ከባድ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ጫፍ ላይ የተጨመረ ክብደት ማፈንገጥን ያበዛል። በደንብ የደረቀ ወይራ ለእጀታ ያምራል። ለፊት ዘንግ ግን ሜፕል ከውጭ ያስመጡ።

ስምንት፦ ቆዳ መለወጥ

አሮጌ ዱላ ሲመጣ ቆዳው ብዙውን ጊዜ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በእሱ ላይ ተመሥርቶ በዱላው መፍረድ ስሕተት ስለሆነ ከአምስተኛው ደረጃ ፈተና በፊት መለወጡ ይመረጣል።

ወደ ብረት ቶርኖ ቤት ከወሰዱት አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ የማሽኑ የብረት ጥርስ እንጨቱን በቀጥታ እንዳይነክሰው። ዘንጉ በወፍራም ቆዳ ወይም በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቧንቧ ተጠቅልሎ ይያዝ፤ ባለሙያው ይህን ካልተስማማ ይዘው ይመለሱ። በእጅም ይሠራል። አሮጌውን ቆዳ በስለታም ምላጭ ቀለበቱን ሳይነኩ በስስ በስሱ ያንሡ። የቀረውን ኮላ ፍቀው የቀለበቱን አናት ፍጹም ጠፍጣፋ ያድርጉ፤ ይህ ካልተስተካከለ አዲሱ ቆዳ ይለቃል። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተው አዲሱን ቆዳ ከሥሩ በኩል ብቻ ጥቂት ይፈትጉ። አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርገው ልክ መሐሉ ላይ ይጫኑት፤ ትርፉን ወዲያው ይጥረጉ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳይነካ ይደር።

በማግሥቱ ዘንጉን ገልብጠው ቆዳውን በጠንካራ ሰሌዳ ላይ በመጫን ከቀለበቱ የተረፈውን ጠርዝ በምላጭ ይቁረጡ። አናቱን ከ18 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሳንቲም ክብነት ልክ ያጉብጡት። ጠርዙን በውኃ እርጥብ አድርገው በቁራጭ ቆዳ እስኪያብረቀርቅ ይሹት። የመጀመሪያውን ምሽት በለስላሳ ምት ብቻ ይጫወቱ። ቆዳው ተጨፍልቆ ከቀለበቱ ውጭ ከሰፋ ትርፉን እንደገና ቆርጠው ጠርዙን ይሹ፤ ከዚያ የማፈንገጥ ርቀቱን ደግመው ይለኩና ከበፊቱ ቁጥር አጠገብ ይጻፉት።